ምዕራፍ ሰባት፦ ቁጥር የሆነ ሞገድ

ራዲዮ የቱ ነው ሲባል እጃችን የሚዘረጋው ወደ ሣጥኑ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን በቀደሙት ምዕራፎች ፈታትተን አይተነዋል፤ በምዕራፍ ሦስት የሽቦ ጥቅልሉና ኮንደንሰሩ ተጋግዘው አንዱን ጣቢያ ከሌላው እንዴት እንደሚለዩ፣ ባለፈው ምዕራፍ ደግሞ አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው አየር ነጥሮ እንዴት እንደሚመለስ። ያ ሁሉ ማብራሪያ አንድ ነገር ሳይናገር ይዞ ነበር፤ ራዲዮ የሚሠራው የተፈጠረበትን ሥራ ብቻ ነው። ለኤፍ ኤም የተበየደ ዕድሜ ልኩን ኤፍ ኤም ነው። የአውሮፕላን መልእክት ማንበብ የፈለገ ሌላ ሣጥን፣ የሳተላይት ሥዕል መቀበል የፈለገ ሦስተኛ ሣጥን መግዛት ነበረበት። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ይህ ግዴታ ፈርሷል የሚል ነው። ሞገዱ አንዴ ወደ ቁጥር ከተለወጠ በኋላ የራዲዮ ዋናው ክፍል ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ስሌት ይሆናል፤ ስሌት ደግሞ በነፃ ይቀዳል፣ ይታረማል፣ በአንዲት ፍላሽ ተይዞ ከደሴ ወግዲ ይደርሳል። ኤስዲአር የሚባለው፣ ማለትም ሥራው በሶፍትዌር የሚወሰን ራዲዮ፣ ይኸው ነው።

ለቴሌቪዥን ተሠርቶ ለሁሉ የሆነ

ሐሳቡ የቆየ ነው። ጆሴፍ ሚቶላ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ «የሶፍትዌር ራዲዮ» የሚለውን ስም ይዞ የተነሣው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ነው፤ ጂኤንዩ ራዲዮ የተባለው ነፃ የፕሮግራም ስብስብም ከ2001 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። የጎደለው ዕቃው ነበር። አየር ላይ ያለውን ሞገድ በበቂ ፍጥነት ወደ ቁጥር የሚለውጥ መሣሪያ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣ ስለነበር ተራው ሰው የሚደርስበት አልነበረም።

በሩ የተከፈተው በአጋጣሚ ነው። ሪልቴክ የተባለው የታይዋን ኩባንያ በአውሮፓ የሚሠራጨውን ዲጂታል ቴሌቪዥን በላፕቶፕ ለማየት የሚያስችል ቺፕ ሠራ፤ መለያው አርቲኤል2832ዩ ነው። ቺፑ ፍላሽ በምታህል ዶንግል ውስጥ ገብቶ በርካሽ ይሸጥ ጀመር። ቴሌቪዥኑን ቺፑ ራሱ ፈትቶ ያቀርባል። ኤፍ ኤም ራዲዮውን ግን ለመፍታት አልተደከመበትም፤ ጥሬውን ልኬት እንዳለ ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል፣ ቀሪውን ኮምፒውተሩ ይጨርሰው ተብሎ ተትቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ አንቲ ፓሎሳሪ የተባለ ለሊኑክስ ፕሮግራም የሚጽፍ ፊንላንዳዊ ይህን ጥሬ ልኬት አስተዋለ። ከዚያ በኋላ ኦስሞኮም በሚባለው ስብስብ ያሉ ፕሮግራመሮች ልኬቱን ከዶንግሉ አውጥቶ ለማንኛውም ፕሮግራም የሚያቀብል ሶፍትዌር ጻፉ። አምራቹ ለኤፍ ኤም ብቻ ያሰበው ቀዳዳ እንደ መቃኛው ዓይነት ከ24 እስከ 1,700 ሜጋ ኸርዝ ድረስ የሚያሳይ መስኮት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ለዚሁ ሥራ ተሻሽለው የሚሠሩት ዶንግሎች ከ30 እስከ 40 ዶላር ይሸጣሉ።

የዚህን ታሪክ ትርጉም ብዙዎች «ራዲዮ ረከሰ» ብለው ያልፉታል። ረክሷል፤ ክርክሩ ግን ሌላ ነው። ዶንግሏ ከ2012 በፊትም ከ2012 በኋላም ያው ነበረች። ከቴሌቪዥን መመልከቻነት ወደ ሁለገብ መቀበያነት ስትሸጋገር አንድ ብየዳ እንኳ አልተነካም። የተለወጠው ከእርሷ ማዶ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ስሌት ብቻ ነው።

ከሴ ላይ የሚነበበው ዘንግ

ሞገድ ቁጥር ሆነ ስንል ምን ማለታችን ነው? ዓባይን እናስብ። ወንዙ በወግዲ ምዕራባዊ ግርጌ አልፎ፣ በሽሎም ወለቃም ጀማም ገብተውበት፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ከሴ ላይ ሲደርስ ከፍታው ይለካል። የወንዝ መለኪያ ጣቢያ አሠራር ቀላል ነው፤ በሜትርና በሴንቲ ሜትር የተሰመረ ዘንግ ውሃው ውስጥ ይቆማል፣ አንባቢው ጠዋትና ማታ ውሃው የደረሰበትን መስመር አይቶ በመዝገብ ላይ ቁጥር ይጽፋል። ወንዙን አይቶት የማያውቅ ሰው መዝገቡን ተቀብሎ ወንዙ መቼ እንደ ሞላ፣ መቼ እንደ ጎደለ በወረቀት ላይ መሳል ይችላል። ወንዙ ከሴ ላይ ቀርቷል፤ አዲስ አበባ የገባው ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ግን ወንዙን ይዞታል።

ይዞታል የምንለው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ንባቡ ለወንዙ ፍጥነት በቂ መሆን አለበት። በክረምት ቀትር ላይ የወረደ ድንገተኛ ጎርፍ በጠዋቱና በማታው ንባብ መካከል መጥቶ ቢያልፍ መዝገቡ ላይ የለም። ከዚህ የባሰም አለ። አንድ ወንዝ በየ11 ሰዓቱ እየሞላ የሚጎድል ቢሆንና አንባቢው በየ12 ሰዓቱ ቢያነብበው፣ እያንዳንዱ ንባብ ከሙላቱ አንድ ሰዓት እያለፈ ይሄዳል፤ መዝገቡም በአምስት ቀን ተኩል አንዴ ቀስ ብሎ የሚሞላና የሚጎድል፣ በዓለም ላይ የሌለ ወንዝ ይስላል። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ትክክል ናቸው፤ ወንዙ ግን ሐሰት ነው። ሃሪ ናይክዊስት እ.ኤ.አ. በ1928፣ ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1949 ያጸኑት ሕግ ለዚህ ነው፤ በሚለካው ነገር ውስጥ ያለው ፈጣኑ ውጣ ውረድ አንድ ዙር ሲዞር ከሁለት ጊዜ በላይ መነበብ አለበት። ይህ ከተጠበቀ በንባቦቹ መካከል የጠፋ የሚመስለው ነገር አልጠፋም፤ በስሌት እንዳለ ይመለሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጠራጠራል፤ በሁለት ነጥብ መካከል ያለው እንዴት ይታወቃል ይላል። መልሱ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ የሚርገበገብ ነገር አስቀድሞ እንዳይገባ ከተከለከለ በነጥቦቹ በኩል ሊያልፍ የሚችለው መስመር አንድ ብቻ ነው የሚል ነው።

በራዲዮው ወንዙ አንቴናው ላይ የሚፈጠረው እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ግፊት ነው። በ97.1 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራጭ ጣቢያ ይህን ግፊት በሰከንድ 97.1 ሚሊዮን ጊዜ ያወጣዋል፣ ያወርደዋል። ያን ሁሉ ማንበብ ለርካሽ ቺፕ ከባድ ነው። ስለዚህ በዶንግሉ ውስጥ ያለው መቃኛ በምዕራፍ ሦስት ያየነውን የማቀላቀል ዘዴ ተጠቅሞ የፈለግነውን የሞገድ ክፍል ወደ ታች ያወርደዋል፤ 97.1 ሚሊዮን የነበረው ወደ ዜሮ አጠገብ ይመጣል፣ ጎረቤቶቹም ተከትለውት ይወርዳሉ። ቺፑ ከዚህ በኋላ በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ጊዜ ያነብባል። በእያንዳንዱ ንባብ ሁለት ቁጥሮች ይጽፋል፤ ሁለተኛው ቁጥር የሚገኘው በሩብ ዙር ከተራራቀ ልኬት ሲሆን፣ ጣቢያው ከመሐል በላይ ይሁን ከመሐል በታች የሚያስለየን እርሱ ነው። ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 255 ባለው መካከል ናቸው። በሰከንድ 4.8 ሚሊዮን ቁጥር፣ በሰዓት ከ17 ጊጋባይት በላይ ማለት ነው። በዚህ መዝገብ ውስጥ 2.4 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ያለው የአየር ክፍል ምንም ሳይመረጥለት ተጠቃሎ ይገኛል።

ውሃ የማይችለው

እስካሁን ወንዙ አግዞናል፤ ከዚህ በኋላ ግን ይከዳናል፣ ቁም ነገሩም መክዳቱ ላይ ነው። ከሴ ላይ ቆሞ ይህ የበሽሎ፣ ያኛው የወለቃ ውሃ ነው ብሎ መለየት አይቻልም። በቁጥር መዝገብ ግን ይቻላል። እያንዳንዱ ጣቢያ የሚርገበገበው በየራሱ ፍጥነት ስለሆነ፣ ከድምር ልኬቱ ውስጥ በዚህ ፍጥነት የሚሄደው ስንት ነው፣ በዚያኛውስ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ የዚህን ጥያቄ ስሌት ያቆየልን ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፉርየ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1822 ስለ ሙቀት በጻፈው መጽሐፍ። ጥቅልል ሽቦና ኮንደንሰር በብረት የሚሠሩትን መለየት ማባዛትና መደመር ይሠሩታል።

አዲስ አበባ ላይ ያለች አንዲት ዶንግል መሐሏን 97.1 ላይ ብታደርግ መስኮቷ ከ95.9 እስከ 98.3 ሜጋ ኸርዝ ይደርሳል። በዚያ ውስጥ አዲስ ኤፍ ኤም 96.3፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 እና ፋና 98.1 ሦስቱም አሉ። ባለ ሣጥኑ ራዲዮ አንዱን መርጦ ሁለቱን ይጥላል። ዶንግሏ አልመረጠችም፤ ያንን ሰዓት ሙሉ የመዘገበ ሰው ማታ ተቀምጦ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን ያንኑ ሰዓት መልሶ ያዳምጣል። በአሮጌው ራዲዮ ምርጫው የሚቀድመው ከመስማት ነበር። እዚህ መቅረጽ ይቀድማል፣ ምርጫው ይከተላል።

ይህ ሁሉ በኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ጀማሪውን ሁሉ በሚማርከው ሥዕል ነው። ሞገዶች ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራሉ፣ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል፣ ጉልበት በቀለም ይገለጣል። የኤፍ ኤም ጣቢያ 200 ኪሎ ኸርዝ ገደማ የሚሰፋ ወፍራም ሪባን ሆኖ ይወርዳል፤ ጋዜጠኛው ትንፋሽ ሲወስድ ሪባኑ ይሰበሰባል፣ ሙዚቃ ሲገባ ይንቀጠቀጣል። የአጭር ሞገድ ጣቢያ መልኩ ሌላ ነው፤ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለች ደማቅ ክር አለች፣ ከግራዋና ከቀኟ እንደ መስተዋት ምስል አንድ የሆኑ ሁለት ክንፎች ይርገበገባሉ። ከውጭ አገር የሚተላለፉ የአማርኛ ሥርጭቶችን በአጭር ሞገድ ይከታተል የነበረ ሰው ሆን ተብሎ የሚለቀቀውን የማፈኛ ጩኸት በጆሮው ያውቀዋል፤ በዚህ ሥዕል ላይ ጩኸቱ ክርና ክንፍ የሌለው፣ ጣቢያውን እላዩ ላይ የሚያለብስ ድፍን ግድግዳ ሆኖ ይታያል።

ክርክሬን ከሁሉ ይልቅ የሚደግፈው ማስረጃ ግን የአየር ጠባይ ሳተላይቶች ታሪክ ነው። ለዓመታት ይህን መዝናኛ የጀመረ ሁሉ በመጀመሪያ ይሞክራቸው የነበሩት ኖአ 15፣ ኖአ 18 እና ኖአ 19 የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ናቸው፤ በ137 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የምድርን ሥዕል በድምፅ መልክ ይለቅቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ሦስቱም ከሥራ ተሰናበቱ። የድሮው ዓይነት መቀበያ፣ ለዚያ ሥዕል ብቻ ተብሎ የተሠራው፣ ያኔ ጌጥ ሆነ። በዚያው በ137 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ግን ሜቴዎር የተባሉት የሩሲያ ሳተላይቶች ይዞራሉ፤ እነርሱ የሚልኩት ፍጹም ሌላ በሆነ ዲጂታል አሠራር ነው። ባለ ዶንግሉ ሰው አንቴናውን አልለወጠም፣ ዶንግሉንም አልለወጠም፤ ሳትደምፕ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኖ ቀጠለ። እነዚህ ሳተላይቶች ከላያችን ሲያልፉ የሚልኩት ሥዕል በአንድ ነጥብ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይይዛል፤ ጣና በሦስት ሺህ ገደማ ነጥብ ተስሎ፣ በክረምት ማግስት ደግሞ አረንጓዴው ደጋ ከቆላው ተለይቶ ይታይበታል። እዚህ ላይ የቆዩ መማሪያዎችን የሚከተል ጀማሪ ይጠንቀቅ፤ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚያስተምሩት በሌሉት ሳተላይቶች ነው።

ስሌት የማይፈታው

ሁሉም ነገር ሶፍትዌር ከሆነ ዕቃው ምን ይሠራል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢ ተቃውሞ ነው። መልሱ፣ ስሌት የሚሠራው በተመዘገበው ላይ ነው፣ ያልተመዘገበውን አይፈጥርም የሚል ነው። ወደ ዘንጉ እንመለስ። ዘንጉ አጭር ከሆነና ጎርፉ ከጫፉ በላይ ካለፈ አንባቢው የሚጽፈው ጫፉን ነው፤ ከጫፉ በላይ የሆነው ሁሉ ጠፍቷል። የዶንግሏም ዘንግ 256 መስመር ብቻ ነው ያለው። አጠገቧ ብርቱ ማሠራጫ ካለ ዘንጉን ሞልቶ ያልፍና በሥዕሉ ላይ የሌሉ ጣቢያዎች እንደ ጥላ ይረባሉ። ጀማሪው ይህን ሲያይ ብዙ ያገኘ ይመስለዋል፤ ያገኘው ግን ያንኑ አንድ ጣቢያ በብዙ ቦታ ነው። መድኃኒቱ የማጉያውን መጠን መቀነስ ነው። ዶንግሏ ደካማ ስትመስል ማጉያውን መጨመር የተፈጥሮ ፍላጎት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ስሌት የማይተካው ነገር ቦታ ነው፤ በዚህ በኩል በደቡብ ወሎ ያለው የወግዲና የቦረና ደጋ ባለጸጋ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ኤፍ ኤምም፣ የአውሮፕላን መልእክትም፣ የሳተላይት ሥዕልም የሚጓዙት በቀጥታ መስመር ነው፤ ተራራ ከከለላቸው ያበቃል። የቦረና ከተማ መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የዓባይ ወለል ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በ11,000 ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን ከዚህ ደጋ 8,400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የምድር መጎበጥና የሞገዱ ትንሽ መታጠፍ ሲሰላ፣ የሚከልል ተራራ ከሌለ፣ 375 ኪሎ ሜትር ርቆ እያለ ሊሰማ ይችላል። አዲስ አበባ ከመካነ ሰላም በቀጥታ ወደ ደቡብ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። አውሮፕላኖች በ1,090 ሜጋ ኸርዝ ማንነታቸውን፣ ከፍታቸውንና ያሉበትን ቦታ ያለ ምስጢር ያሠራጫሉ፤ አንዱ መልእክት 112 ቢት ሆኖ በ120 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይጠናቀቃል። ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀናውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ወግዲ ጠርዝ ላይ ያለ ሰው በዶንግልና በሰባት ሴንቲ ሜትር ሽቦ ሊከተለው ይችላል። በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ላለው ቆለኛ ግን ይህ ዕድል ጠባብ ነው፤ ለእርሱ የሚሻለው ከላይ ነጥሮ የሚወርደው አጭር ሞገድ ነው።

ከፍታው ለማዳመጥ እንደሚጠቅም ኃያላኑ ቀደም ብለው ያውቁ ነበር። የአሜሪካ ጦር ከ1943 እስከ 1977 (እ.ኤ.አ.) አሥመራ ላይ የነበረውን ቃኘው ጣቢያ ከያዘባቸው ምክንያቶች አንዱ 2,300 ሜትር ገደማ የሆነው የከተማዋ ከፍታና ለምድር ወገብ ያላት ቅርበት ነው። ያ ጣቢያ በመጨረሻ ላይ ግዙፍ የሳህን አንቴናዎች ነበሩት፤ ከእነርሱ ጋር መወዳደር አይታሰብም። ከፍታውን ግን መካነ ሰላም በነፃ አግኝታዋለች፣ ያውም በ300 ሜትር ብልጫ።

ሦስተኛው ጸጥታ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በሚያወጣው የራዲዮ ጫጫታ ስሌት መሠረት በከተማ ያለው ሰው ሠራሽ ጫጫታ ከገጠሩ በ9.6 ዴሲቤል ይበልጣል፤ በጉልበት ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ በጫጫታ የሚሰምጥ ጣቢያ ወግዲ ላይ ጎልቶ ሊወጣ ይችላል። ሆኖም ይህ ጸጥታ ቤት ውስጥ በሚገባ ዕቃ ይሰበራል፤ የሶላሩ መቆጣጠሪያ፣ ርካሽ የስልክ ቻርጀርና አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች ሥዕሉን በእኩል ርቀት በተደረደሩ ቋሚ መስመሮች ይሞሉታል። አንድ በአንድ እያጠፉ ሥዕሉን ማየት ነው። መስመሮቹ የጠፉበት ዕቃ ጥፋተኛው ነው።

ስልክ እያለ ለምን?

ከሁሉ በላይ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ጣቢያውም፣ የሳተላይት ሥዕሉም፣ የአውሮፕላኑም መንገድ በስልክ ይገኛል፤ ታዲያ ለምን ይደከማል? የመጀመሪያው መልስ ተግባራዊ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር የወግዲ አንባቢ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። በዚያ ጊዜ ሳተላይቱ በሰዓቱ ያልፍ ነበር፣ አጭር ሞገዱም ይነጥር ነበር። ሁለተኛው መልስ ግን የበለጠ ይመዝናል። ስልኩ የሚያሳየን ሌላ ሰው ተቀብሎ የሰጠንን ነው፤ የአውሮፕላን መከታተያ ድረ ገጾች ራሳቸው በብዛት የሚኖሩት በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ከቤታቸው በሚልኩት ልኬት ነው። ፈቃደኛ በሌለበት ሰማዩ በካርታቸው ላይ ባዶ ይመስላል። ዶንግሉን የያዘ ሰው ተቀባይ ብቻ መሆኑ ይቀርና ምንጭ ይሆናል።

ሌላው ተቃውሞ ከፍርሃት የመጣ ነው፤ ይህ ስለላ አይደለም ወይ? ጣራ ላይ ሽቦ ሲዘረጋ የሚያየው ጎረቤት መጠየቁ አይቀርም፣ በዚህ ዘመን ደግሞ መጠየቁ አያስገርምም። ለሕዝብ የተሠራጨን ጣቢያ፣ የአየር ጠባይ ሥዕልን ወይም የአውሮፕላን አድራሻን መቀበል አንድ ነገር ነው፤ የሰዎችን የግል ግንኙነት መጥለፍ ሌላ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለሕዝብ ያልተላለፈን ዳታ ያለ ፈቃድ መጥለፍን ወንጀል ያደርገዋል። የሞባይል ጥሪ ደግሞ የተመሰጠረ ስለሆነ በዶንግል አይሰማም፤ ይሰማል የሚል ሻጭ ካለ ሐሰተኛ ነው። የራዲዮ ዕቃ ማስገባትንም ሆነ ማሠራጨትን የሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ከውጭ ከማዘዝ በፊት እርሱን መጠየቅ ከጉምሩክ ጭቅጭቅ ያድናል። የእኔ ምክር ነገሩን ከቤት ጓዳ ይልቅ በትምህርት ቤት ክበብ መጀመር ነው። ግልጽ ቦታ ላይ፣ መምህር ባለበት የተዘረጋ ሽቦ ማንንም አያስጨንቅም።

ከምን ይጀመር

ዕቃው ጥቂት ነው። ዶንግሉ ሲገዛ አስመስለው የተሠሩ ስለሚበዙ በጣም የረከሰውን መጠራጠር ይገባል። አጭር ሞገድ የፈለገ ከ24 ሜጋ ኸርዝ በታች የሚወርደውን ዓይነት መምረጥ አለበት፤ ሁሉም አይወርዱም። ኮምፒውተሩ የቆየ ላፕቶፕ ቢሆን ይበቃል፤ ላፕቶፕ ለሌለው አንድሮይድ ስልክ በኦቲጂ ገመድ ይሠራል። ፕሮግራሙ፣ ለምሳሌ ኤስዲአር ፕላስ ፕላስ፣ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን በፍላሽ ቀድቶ ማስቀመጥ ነው።

ገንዘብ የተረፈው ሰው ውድ ዶንግል ከሚገዛ አንቴናውን ቢያሻሽል ይሻለዋል፤ እርሱ ደግሞ ከማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር በሚገኝ ተራ ሽቦ ይሠራል። ርዝመቱን ለማወቅ 300ን ለሜጋ ኸርዙ ማካፈል የሞገዱን ርዝመት በሜትር ይሰጣል፣ ሩቡ የሽቦው ልክ ነው። ለሳተላይቶቹ ሁለት ባለ 53 ሴንቲ ሜትር ሽቦዎች በ120 ዲግሪ ተከፍተው፣ በአግድም ተኝተው፣ ሜዳ ላይ ከተቀመጡ ይበቃሉ። ለአጭር ሞገድ አማራ ራዲዮ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው 6,090 ኪሎ ኸርዝ ሩብ ሞገዱ 12 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከቤት ጣራ እስከ ግቢው ባሕር ዛፍ ማለት ነው። ፋና የሚታወቅበት 6,110 ከዚያ በ20 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ስለሚርቅ ሁለቱ ሥርጭት ላይ በሚሆኑበት ሰዓት በአንድ ሥዕል ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ሽቦውን ከዶንግሉ መንቀል ግን የማይታለፍ ነው፤ በክረምት የወግዲ መብረቅ አይቀለድበትም።

ከማዳመጥ ወደ መናገር መሻገር የሚፈልግ የአማተር ራዲዮ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በአገራችን የዚህ ሥራ መሰብሰቢያ አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ነው፤ የክበብ ጣቢያው መጠሪያ ኢቲ3ኤኤ በዓለም ዙሪያ ባሉ አማተሮች ዘንድ ይታወቃል። በቀጣዩ ምዕራፍ ስለ ማሠራጨት ስንነጋገር ወደዚህ እንመለሳለን።

የወግዲና የቦረና የፊዚክስ መምህራን፣ እንዲሁም መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ ያላችሁ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር መምህራን፦ በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የሚባል ክበብ፣ ማይክሮፎንና የጣራ ድምፅ ማጉያ ያለው፣ አስቀድሞ አለ። ተማሪዎቹ እዚያ የሚያነቡት ከሌላ ቦታ የተቀዳ ዜና ነው። አንድ ዶንግልና ሃያ ሜትር ሽቦ ጨምሩበትና ጠዋት በሰልፍ ላይ የሚነበበው የአየር ጠባይ ተማሪዎቹ ራሳቸው በዋዜማው ከሳተላይት ከተቀበሉት ሥዕል ይሁን።